ሣር በላች ተብላ የተከሰሰችው ሞተር

ሞተር መንዳት አውቃለሁ ብዬ የዋሸሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ከበቂ በላይ ነበር። መንዝ ውስጥ፣ ሞላሌ ላይ ጣሊያን ሰፍሮ በነበረበት ዘመን የአንድ ሃምሳ አለቃ ሞተር ብስክሌት አጣቢ ነበርኩ። በየጠዋቱ ጭቃዋን አራግፋለሁ፣ ጎማዋን እፈትጋለሁ፣ ሰውየው በእግሩ ረግጦ ሲያስነሳት ደግሞ ጨርቄን ይዤ ቆሜ አያለሁ። ከላይዋ ተቀምጬ አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «ሞተር ላይ ነው የምሠራው» እል ነበር። ውሸት አይደለም፤ ጨርቄ ሁልጊዜ ከላይዋ ነበረ።

በዚያ የካቲት አንድ አብሮ አደጌ ሊያገባ ነበር። ልጅቱ ከጓሳ ሜዳ ማዶ፣ በግሼ በኩል ካለ መንደር ናት። ነገሩን የጨረሱት ሽማግሌዎች ስለነበሩ ሙሽራው ልጅቱንም አባቷንም በዓይኑ አላየም። አባትየው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው ተባልን፦ «ልጄ ከቤቴ በእግሯ አትወጣም።» ታላቅ እኅቷ በበቅሎ ወጥታለች፤ እሷም እንደዚያው። ጓደኛዬ ደልደል ያለች ዳማ በቅሎ ስለነበረችው ይህን ከጉዳይም አልቆጠረው። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግን የእኔው ሃምሳ አለቃ በቅሎዋን ለጭነት ብሎ ወሰዳት።

ብዙም ሳይቆይ አርበኞች ሰፈሩን አስጨነቁት፤ ጣሊያኖቹም ጓዛቸውን ጭነው ወደ ደብረ ብርሃን ሄዱ። መንገዱ ስለተያዘባቸው በገደሉ ወረዱ፣ ገደል ደግሞ በሞተር አይወረድም። በቅሎዋ ሄደች፣ ሞተሯ ቀረች። በአካባቢው በቅሎ የተረፈው ሰው ሁሉ በቅሎውን እንደ ታቦት ሸሽጎታል፤ ለማንም አያውስም።

ሙሽራው ወደ እኔ መጣ። እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል፤ ፊቱ ላይ ይታያል።

«አንተ ትነዳታለህ አይደል?» አለኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «እሷን? ተኝቼም እነዳታለሁ» አልኩት።

የበቅሎዋን ግላስ አምጥቶ መቀመጫዋ ላይ አነጠፈ፤ ቃጭሏንም መሪዋ ላይ አሰረ። ልጓም ሊያስርላት ሲል እኔ ከለከልኩት፤ ቢያንስ ያን ያህል አውቅ ነበር። ሦስተኛችን አንድ ዲያቆን ነው፤ እሱም እንደኔው ሚዜ። መንገድ ሲወጣ ጠበል የሞላ ቅል ሳይዝ አይወጣም።

ሐሙስ ጠዋት ተነሣን። ሠርጉ እሑድ ነው፤ ያውም የቅበላ እሑድ፣ ሰኞ ጾም የሚገባበት። ያ ቀን ካለፈ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም። ሽማግሌዎቹ በጨዋ አነጋገር እንደነገሩን ደግሞ፣ ከፋሲካ ወዲያ ልጅቱን ለመጠየቅ አሰፍስፎ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ። ሙሽራው ይህን በየመንገዱ ይነግረን ነበር፤ እኛ የረሳን ይመስል።

ሃምሳ አለቃው ሲያደርግ እንዳየሁት ረገጥኩ፣ ደግሜ ረገጥኩ፣ በስንተኛው እንደሆነ እንጃ ተነሣች። ከሁሉ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። እኔ ከፊት፣ ሙሽራው ከመሐል፣ ዲያቆኑ ቅሉን አቅፎ ከኋላ ተደራረብንና ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ተፈተለክን። መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ «ጣሊያን ተመለሰ» እያለ ጥሻ ለጥሻ ይሮጣል። አንዲት ሴትዮ የተሸከሙትን ገብስ ጥለው ሲሸሹ ሙሽራው፣ «እናቴ፣ እኛ ነን፤ ሠርግ ነው» ብሎ ጮኸ። ከጥሻው ውስጥ «እናንተ እነማን ናችሁ?» የሚል ድምፅ ተከተለን። ቆሜ ይቅርታ እንዳልጠይቅ፣ ፍሬን የሚባል ነገር እንዳላት እንጂ የት እንዳለ አላውቅም። መቆም ስንፈልግ ዳገት እንጠብቅ ነበር።

አንዱ ዳገት ላይ ስትቆም ዲያቆኑ ቅሉን እንዳቀፈ ወረደ።

«ይህች የካቶሊክ ሞተር ናት» አለ። «ሳትባረክ ክርስቲያን ሙሽራ አይቀመጥባትም።»

«እርጫትና እንሂድ» አለው ሙሽራው።

«ውጭዋን ብረጨው ምን ዋጋ አለው? ሕመሙ ያለው ከውስጧ ነው። በሽተኛ ጠበል ይጠጣል።»

ቤንዚን የሚጨመርበትን ክዳን ከፍቶ ቅሉን አነሣ። ሙሽራው ወደ እኔ ዞረ። «ይጎዳታል እንዴ?» አለኝ። አላውቅም ማለት በዚያ ዕድሜዬ ሞቴ ነበር። «ጠበል ማንን ጎድቶ ያውቃል?» አልኩ። ዲያቆኑ ጸሎቱን እየደገመ ቅሉን እስከ ጠብታው ገለበጠባት።

ተነሣች፤ ጥቂት ሄደች፤ እንደ ሽማግሌ አስላ አስላ ቀጥ አለች። ብረግጥ፣ ብለምን፣ ብሰድብ ወይ ፍንክች። ዲያቆኑ ዙሪያዋን ዞሮ መረመራትና፣ «ሲያስኬዳት የነበረው ሰይጣን ወጥቷል ማለት ነው» አለ።

«እስከ እሑድ ቢቆይ ምን ነበረበት?» አለ ሙሽራው።

ዓርብን ሙሉ በመግፋት አለቅን። መሐል ሜዳ ላይ መካሪ በዛብን። አንዱ ገብስ አቅርቡላት አለን፣ ሌላው አሞሌ ጨው አስልሷት አለን፣ አንድ አዛውንት ደግሞ ጥርሷን አይተን እንደሆነ ጠየቁን። እኔ ለሁሉም አዋቂ መስዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሙሽራው ግን ከልቡ ያዳምጥ ነበር፤ ገብሱን ሊሞክር ፈልጎ በግድ ነው ያስጣልነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጓሳ ገባን። እዚያ ሹል ድንጋይ የፊት ጎማዋን ሰነጠቀው፤ ተንፍሶ ከብረቱ ላልቶ ወጣ። በባዶ ብረት ስንገፋት መሬት እየቆፈረች አልንቀሳቀስ አለችን። ያኔ ነው የዕውቀቴ ጫፍ ላይ የደረስኩት። የጭነት ኮርቻ በምን ይሞላል? በሣር። ጎማስ ምን ያንሰዋል? የቆምንበት ሜዳ እስከ ወገብ በሚደርስ የጓሳ ሣር የተሞላ ነው። አጨድኩ፣ ጠቀጠቅኩ፣ ሙሽራው ጎማውን በገመድ ጠፈረው፤ እውነቴን ነው፣ መሽከርከር ጀመረች።

የረሳነው ነገር ጓሳ በዚያ ዓመት ዝግ መሆኑን ነው። ጓሳ ሲዘጋ መንገደኛ ያልፋል እንጂ ከብት አይገባም፤ ሣር አይታጨድም። በዝግ ጊዜ ሣሩን ሲበላ የተገኘ ከብት ይታረዳል፣ ቆዳውም ተተልትሎ ጠፍር ይሆናል። ይህን ሕግ የመንዝ ሰው ጡት ሳይጥል ጀምሮ ያውቀዋል፤ እኛም እናውቀው ነበር። ችግሩ ሞተሯን ስንገፋ ሐሳባችን ሁሉ ጣሊያን ጣሊያን ይሸት ነበርና ሕጉ እሷንም ይመለከታል ብለን አላሰብንም።

ሁለት ፈረሰኛ ጠባቂዎች ከላያችን ደረሱ። አንዱ ከጎማዋ ስንጥቅ የሚንጠለጠለውን ሣር ትኩር ብሎ አየ።

«ምን እያበላችኋት ነው?» አለ።

እየነዱ ከሜዳው ዳር ካለ መንደር ወሰዱን። ጓሳን የሚያስጠብቁት ሹም አባ ቄራ ይባላሉ፤ ከኮሶ ዛፍ ሥር ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ነበር። ቀጭን፣ ነጭ ፂም ያላቸው ሰው ናቸው። በትንሽ ቢላዋ ቆዳ እየተለተሉ ነው ያዳመጡን።

«ጌታዬ፣ እንስሳ አይደለችም» አልኩ እኔ።

«ሣሩ ከውስጧ ነው ያለው ከውጭ?»

«ከውስጧ ነው፤ ግን አልበላችውም።»

«ሣር ከሆዱ የተገኘ በሬ፣ አልበላሁም ቢል ታምነዋለህ?»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም በልቤ ነገሩ ልክ ነው አልኩ። «ለመሆኑ ወዴት ነው የምትሄዱት?» አሉኝ አባ ቄራው። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ጥሩ ነበር። ሆድ ለማባባት ብዬ ችግራችንን ከሥሩ አወራሁት፦ ጓደኛችን ነገ የሚያገባ መሆኑን፣ በቅሎው መወሰዷን፣ ጣሊያን አገሩን ባተራመሰበት በዚህ ዘመን «ልጄ በእግሯ አትወጣም» የሚሉ አንድ ግትር ሽማግሌ እንዳጋጠሙንና እግዜር ልቡና እንዲሰጣቸው እየጸለይን መሆኑን። ሽማግሌዎቹ ሁሉ አንድ ላይ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

«ያ ግትር ሽማግሌ እኔ ነኝ» አሉ አባ ቄራው፤ መተልተላቸውን ሳያቋርጡ።

ቆሌዬ ተገፈፈ። ሙሽራው እግራቸው ላይ ተደፋ። ዲያቆኑ ዓይኑን ጨፍኖ ዳዊት ጀመረ። ሰውየው ሙሽራውን በክንዱ ያዝ አድርገው አስነሡትና ከላይ እስከ ታች አዩት፤ መልኩን ያልጠሉት መሰለኝ።

«ሕጉ ለአማችም ያው ነው፤ ትታረድ» አሉ።

አንድ ጎልማሳ ቢላዋ ስሎ መጣ። ዙሪያዋን ዞረና ወደ እኔ ተመለሰ። «ጉሮሮዋ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። አዋቂ ነኝ ብያለሁና ከቤንዚን ቋቷ ሥር የምትወርደውን ቀጭን ቱቦ አሳየሁት። ዲያቆኑ በስመ አብ አለ። ቢላዋው ነካ ሲያደርጋት ቱቦዋ ከመጋጠሚያዋ ወለቀች፤ ከውስጧም ኩልል ያለ ውሃ ይወርድ ጀመር።

«ደሟ ውሃ ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ፈራ ብለው።

ዲያቆኑ ጣቱን ነክሮ ቀመሰና፣ «ጠበሌ ነው» አለ። እሱ ይህን ሲል ውሃው አልቆ ቤንዚን ሸተተኝ። ያኔ ነው ለሁለት ቀን ያስገፋን ምን እንደሆነ የገባኝ። ዘልዬ በአውራ ጣቴ ደፈንኳት፤ ቱቦዋንም መልሼ ሰካሁ። ጠበል ማንን ጎድቶ ያውቃል ያልኩትን ማንም እንዳያነሣብኝ እየጸለይኩ ነበር።

«ቢላዋ አርፎባታል፣ ያላት ደምም ፈሷል፤ ሕጉ ተፈጽሟል» አሉ አባ ቄራው። ሣሩ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ይሁን ተባለ። የፊት ጎማዋን ግን ቆዳዋ ነውና ራሳቸው በብብታቸው ይዘውት ገቡ። ከበራፋቸው ላይ ዞር አሉና ለሙሽራው፣ «የታረደች በቅሎም ብትሆን ልጄን ተሸክማ ከወጣች ትውጣ። ካልሆነ ቃሌ ቃል ነው፤ ከፋሲካ በኋላ እንነጋገራለን» አሉት።

ሙሽራው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አንጀቴን በላው። ከዚያ በላይ መሸከም ስላቃተኝ አጠገቡ ተቀምጬ ነገርኩት። «አጥቤያት ነው እንጂ ነድቻት አላውቅም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ሞላሌ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ግን ከአንተ ሌላ ማንን ልጠይቅ?»

እሑድ ጠዋት ሙሽራዪቱን ተከናንባ አወጧት፤ ግላሱ ላይ አስቀመጧት። እኔ ከፊቷ፣ ሙሽራው ከኋላዋ። አባቷ አንዲት ትንሽ ጥቅል እቅፏ ውስጥ አኖሩና፣ «ከጉብታው ማዶ ስትደርሺ ትፈቺዋለሽ» አሏት። ዲያቆኑና የሠርጉ ጎረምሳ ሁሉ ከኋላ እየገፋ፣ ሴቶቹ እልል እያሉ ቁልቁለቱን ያዝን።

መሐል ላይ አንዴ አስነጠሰችና ተነሣች። ድምፁን ሲሰማ ግማሹ ሠርገኛ «ጣሊያን» ብሎ ቦይ ውስጥ ገባ፤ አንድ ሽማግሌ ጠላቸውን ሳያፈሱ ነው የዘለሉት። ጎማ የሌለው የፊት ብረት ድንጋዩን ሲመታ ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ ቃጭሉ ያብዳል። ዞር ብዬ ሳይ ያልሸሹት አባቷ ብቻ ነበሩ፤ በራፋቸው ላይ ቆመው ያዩናል። ልጃቸው በእግሯ አልወጣችም።

ጉብታውን ዞር እንዳልን የፊቷ ብረት ረግረግ ውስጥ ገብቶ ተተከለ፤ ሦስታችንም በአናቷ ላይ በረን የጓሳ ሣር ውስጥ ተዘረርን። ደግነቱ ጠባቂዎቹ ሠርግ ላይ ነበሩ። ሞተሯ አንድ ጊዜ ተንፈስ አለችና እስከ ዛሬ አልተነሣችም። ሙሽራው እየተደነቃቀፈ ሄዶ ሚስቱን አነሣት። ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው፤ ያውም ሁለቱም ጭቃ በጭቃ ሆነው። እሷ ሳቀች፤ እሱ ግን ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

«የሁለት ቀን መንገድ ነው» አላት። «በእግርሽ ላስኬድሽ ነው። ለአባትሽ ምን እላለሁ?»

ሙሽራዪቱ ጥቅሏን ፈታች። ውስጡ አንድ ጥንድ ጫማ ነው፤ ሶሉ የሞተሯ ጎማ፣ ማሰሪያው አባ ቄራው ሲተለትሉት ያየነው ጠፍር። አገላብጣ አየችው፤ እንባዋም መጣ።

«ትናንት አባቴ እግሬን በገመድ ሲለካኝ ለእግር አልቦ መስሎኝ ነበር» አለች።

ሙሽራው ተንበርክኮ ጠፍሩን አሰረላት። ዲያቆኑ ባዶ ቅሉን እያንጠለጠለ ሲደርስብን እኛ መንገድ ጀምረን ነበር። ጫማው ልክ እግሯ ሆነ።