ደረቱ ላይ ጨረቃ ያለው ድብ

ቁም ሳጥን ከፍቼ የናፍታሊን ሽታ ሲመታኝ ዛሬም ልቤ ድንግጥ ይላል። ልጅ ሳለሁ አክስቴ ዘሃራ ተቀጥራ በምትሠራበት፣ ካርቱም ሪያድ ሰፈር ባለው ቪላ፣ ጌትየው ከማሌዥያ ያመጣው በጭድ የተሞላ የሞተ ድብ ሳሎን ውስጥ ቆሞ ይህንኑ ሽታ ይሸት ነበር። ቁመቱ ያኔ ከእኔ ብዙም አይበልጥም ነበር። ጸጉሩ አጭርና ጥቁር፣ ጆሮዎቹ ትንንሽ፣ ምላሱ አገጩን አልፎ የተንጠለጠለ፣ ጥፍሮቹ እንደ ማጭድ የተቆለመሙ ነበሩ። ደረቱ ላይ ጨረቃ የመሰለ ቢጫ ምልክት አለው።

አክስቴ ሳሎኑን ስትወለውል ቀሚሷን ይዤ አለቅሳለሁ።

«ያላ፣ ዝም በይ! ደረቱ ላይ ሂላሉን አታዪም? የረመዳንን ጨረቃ የተሸከመ እንስሳ ሰው አይበላም» ትለኛለች።

ላምናት ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ሥራዋን ስትጨርስ እጄን ጨምድዳ ይዛ፣ ከንፈሯ «ቢስሚላህ» እያለ፣ ዓይኗን ከድቡ ሳትነቅል፣ ወደ ኋላ እየተራመድን ነበር የምንወጣው።

አሁንም ከቁም ሳጥኑ ስርቅ ጀርባዬን አልሰጠውም።