ወይዘሮ አስናቁ በካሬ ወረቀት የሳሏቸው ፊደላት

ወይዘሮ አስናቁ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ በሚገኝ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ከተቀጠሩ ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር። ሥራቸው የጥልፍ ንድፍ በካሬ ወረቀት ላይ እየነጠቡ ማስፈር ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የፋብሪካው ማሽን ጠጋኝ መንበሩ አማርኛ የሚጽፍ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲሠራ፣ ፊደላቱን በዚያው ወረቀት ላይ ካሬ በካሬ የሳሉለት እርሳቸው ናቸው። ዋጋ አልጠየቁም። «ለሁሉም ይሁን» ብለው ሰጡት።

መንበሩም ፕሮግራሙን በዲስኬት እየቀዳ ለፈለገ ሁሉ በነጻ አደለ። ውስጡን አልደበቀም፤ አሻሽሎ ለሌላ የሚያሳልፍ ሰው ግን የራሱንም ሥራ እንዲሁ ክፍት ያድርግ አለ። መደበቅ የሚሻ ነጋዴ ከፍሎ ለብቻው ውል ይፈርም። በክፍያው መንበሩ ለስድስት ወር ከፋብሪካው ወጥቶ የቀረውን ሊጨርስ አስቧል። ይሁን እንጂ ፊደላቱ የወይዘሮ አስናቁ ናቸውና ያለ እርሳቸው ፊርማ ውሉ አይጸናም።

ገዢው ሺሞን ይባላል፤ ከስምንት ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ የመጣ፣ ሽቶው ቀድሞት በር የሚገባ ሰው። በምሳ ዕረፍት መጥቶ የወይዘሮ አስናቁን እጅ ጨብጦ አልለቅ አለ።

«እማዬ፣ እነዚህ ጣቶች በወርቅ ቢለበጡ ያንሳቸዋል!»

«እኔ አንተን አልወለድሁህም። እጄን ልቀቅና የውሉ ወረቀት ይነበብልኝ።»

መንበሩ ከዕብራይስጡ እየመለሰ አነበበ። አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ።

«ምን ይላል?»

«ነጻው ዲስኬት ከእንግዲህ አይታደል ይላል፣ እትዬ።»

የወይዘሮ አስናቁ ፊት ተኮማተረ፤ የገማ ነገር በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ የቀረበላቸው መሰላቸው።

«በነጻ እየታደለ ማን ከእኔ ይገዛል?» አለ ሺሞን እየሳቀ።

«እትዬ፣ ስድስት ወር እኮ ነው» አለ መንበሩ ወለል ወለሉን እያየ። ይህ ከሺሞን ሳቅ ይልቅ አስጠላቸው።

«አንተም? የሰጠሁትን መልሼ ልንጠቅ? ጎረቤቴ ሸጋዬ አዲስ አበባ ለቀሩት እናቱ የሚጽፈው በምን ሆነና? መስመሩ ካልተሰረዘ አልፈርምም። አለዚያ እሱም እንደ ማንም ያለ ውል ይውሰደውና የራሱን ሥራ እንደ እኛ ገልጦ ያድል!»

የሺሞን ሳቅ ቆመ። የሠራውን ገልጦ ማደል ለእርሱ ከቶ የማይታሰብ ነበር። መስመሩን ሰረዘ፤ ዋጋውንም በግማሽ ቆረጠው። ስድስቱ ወር ለመንበሩ ሦስት ሆነ። ሁሉም ፈረሙ።

ሺሞን ለስንብት እጁን ሲዘረጋ ወይዘሮ አስናቁ እስክሪብቶውን መዳፉ ላይ አኖሩለት። ከዚያም ወደ ቧንቧው ሄደው እጃቸውን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠቡ።

መንበሩ ተከተላቸው። «ተቀየሙኝ እንዴ፣ እትዬ?»

«ሦስት ወር ነው ያለህ፤ በይቅርታ አታባክነው» አሉት ፊቱን ሳያዩ። «ቨ ገና አልተሳለችም። የገዛ ልጅህን የኤቭያታርን ስም እንኳ መጻፍ አንችልም። ሂድ፣ ካሬውን ወረቀት አምጣ።»