በፍሊፐሩ ውስጥ የነበረው ቅቤ

የተጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር። አጎቴ ከሳሎኑ ጥግ የቆመውን ማሽን በከዘራቸው መታ መታ አድርገው፣ "እስቲ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽን አሳዪኝ" አሉኝ።

ማሽኑ ፍሊፐር ይባላል። በአራት የብረት እግሮች የቆመ፣ ከላይ መስታወት የለበሰ ዘንበል ያለ ሳጥን ነው። ውስጡ የብረት ኳስ ይሽከረከራል፤ ተጫዋቹ በግራና በቀኝ ያሉትን ቁልፎች እየተጫነ ኳሷ ወደ ታች እንዳትወድቅ በሁለት ትናንሽ መቅዘፊያዎች ይመልሳታል። አጎቴ ከሦስት ዓመት በፊት ደሴ ውስጥ ከተዘጋ ቡና ቤት ነው ያመጡት። መካነ ሰላም ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው ሌላ ሰው አልነበረም። መብራቱንም የሚያገኘው ከአጎቴ ጀነሬተር ነበር።

"የደሴው ወዳጄ የፊታችን ቅዳሜ ይመጣል። መጫወት ይወዳል" አሉ።

ሁለት ዓመት ፊዚክስ ተምሬ፣ ዩኒቨርሲቲው በተማሪዎች ረብሻ ምክንያት ትምህርት ሲያቋርጥ ወደ ቤት ተመልሼ ነበር። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። በእሳቸው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ በሌላም ሰው ፊት ቢሆን እንደዚያው ነኝ።

"ከግድግዳው ትንሽ ላርቀው ጋሼ? ከኋላም መክፈት ሊያስፈልገኝ ይችላል።"

"ከቦታው እንዳታነቃንቂው። ሲሚንቶውን ይቧጭርብኛል። ከፊት ሥሪ።"

አምና ከመስኮቱ ሥር አንስተው ወደዚያ ጨለማ ጥግ ሲያዞሩት ግን ስለ ሲሚንቶው አልተጨነቁም ነበር።

መስታወቱን አንሸራትቼ አወጣሁና ኳሷ የምትሽከረከርበትን ሰሌዳ ቀና አደረግሁት። ሽታው ፊቴን መታኝ። መስኮቱን ከፍቼ ተመለስኩ።

ውስጡ በቅቤ ተሞልቶ ነበር። ከላይ ያለው ቢጫ ነው፣ ከሥሩ ያለው ቡናማ፣ ከሁሉም በታች ያለው ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ ሽቦዎቹ ላይ ደርቋል። አቧራና የአይጥ ጸጉር ተለውሶበታል። አንዲት አይጥ ከነነፍሷ ተጣብቃ ቀርታ፣ ከእሷ የተረፈው ቆዳና ጥርስ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ ይህን ቅቤ ማን ቀባው?"

"እኔ ነኛ። በቅበላ የተረፈውን ምን ላድርገው? ጾም ገብቶ ቤት ውስጥ አይቀመጥ። ብረት ደግሞ ቅባት ይወዳል።"

"ይሄኛው አይወድም። የሚንቀሳቀሰው ደረቅ ሲሆን ነው።"

"ይኸው ተማረችልኝ" ብለው ሳቁ። "ሦስት ጾም ሙሉ በቅቤ ተንከባክቤው በደረቁ ሂድ ትለዋለች።"

ቅቤውን ሊበሉ የሚችሉ እስላም ጎረቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ነበሩ። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ከቆላ የወጡ ረሃብተኞች ተኝተው ነበር። አጎቴ ግን ጾማቸው እንዳይፈርስ ቅቤውን ለማሽን አበሉት።

ሳምንቱን በሙሉ ያን ቅቤ ስፍቅ ሰነበትኩ። በቢላዋ ጀርባ እየፋቅሁ የባሰውን ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅማለሁ፤ የቀረውን ላምባ በነከርኩበት ጨርቅ እጠርጋለሁ። የእጄ ቅባት በሳሙና አይለቅም ነበር። ሽሮ ስጎርስ ከጣቴ የሻገተ ቅቤ ይሸተኛል፤ ጾሜን እየሻርኩ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ከአጥሩ ውጭ ካሉት አንዲት ሴት ውሃ ትቀዳልን ነበር። ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ አለቻት። ለእንስራ ውሃ አጎቴ አንድ እፍኝ ንፍሮ ያስሰጧታል። ረቡዕ ዕለት እንስራውን አውርዳ ቆመች።

"የዛሬው ጨርቅ የታለ፣ እህት ዓለም?"

"የምን ጨርቅ?"

"አመድ መድፊያው ላይ የምትጥይው። ቅባት ያለው።"

ፊቷን ማየት አቃተኝ። "ላምባ አለበት" አልኩ።

"ሲፈላ ይሄዳል። ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ትናንት ልጄ ጠጥታ አስመለሳት፤ ግን ግማሹ ሆዷ ውስጥ ሳይቀር አልቀረም።" ቀጥላም እኔን ልታጽናናኝ ይመስል፣ "አብሽሪ፣ አልሞተችም" አለች።

የራሴን ምሳ ሰጠኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨርቆቹን አቃጠልኩ። ማቃጠሉም ደግ ሥራ አልመሰለኝም፤ አንድ ነገር ከአፏ የነጠቅሁባት ያህል ተሰማኝ። እንጀራዬን ለሁለት እየከፈልኩ በአጥሩ ቀዳዳ ሳሾልክ ደግሞ አጎቴ አይተው፣ "ለአንዷ ከሰጠሽ አጥሩ ይፈርሳል። እኛም የለንም" አሉኝ። አመንኳቸው። እኛም ያለን የወሩ ቀለብ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ከሳጥኑ ወለል ላይ የአይጥ ጎጆ ያገኘሁት ዓርብ ዕለት ነው። ከቆሸሸ ጥጥና ከተቀደደ ወረቀት የተሠራ፣ ሽንት የጠጣ ጎጆ ነበር። በመሐሉ ስንዴ ተከምሯል። ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ነቀዝ ያልነካው ስንዴ። እኛ ቤት ስንዴ ከገባ ወራት አልፈው ነበር። እፍኝ ሙሉ ይዤ ለአጎቴ አሳየኋቸው።

"አይጥ ከየትም ያመጣል" አሉና ከእጄ ተቀብለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

አሁን ሳስታውሰው ከቅቤውም በላይ የሚያስጠላኝ፣ እዚያው ላይ ነገሩን ትቼ ወደ ሥራዬ መመለሴ ነው። ሥራውን ወድጄው ነበርና። የዛገውን የሽቦ መገናኛ በጥፍር ሞረድ እየሞረድኩ አጸዳሁ፤ የተቆረጠውን ላስቲክ ከአሮጌ ጎማ ውስጥ በቆረጥኩት ተካሁ። ዓርብ ወደ ማታ ጀነሬተሩ ሲነሳ መብራቶቹ ቦግ አሉ፣ መቅዘፊያዎቹም ተወራጩ። ብቻዬን ሳቅሁ። ከአጥሩ ውጭ የዚያች ልጅ ሳል ይሰማ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የደሴው እንግዳ መጣ። እህል ነጋዴ ነው። ኮቱን አውልቆ ተጫወተ፤ ኳሷ ስታመልጠው ማሽኑን በጭኑ ይገፋል። ሬዲዮው ስለ አድማና ስለ ሚኒስትሮች ያወራል።

"ዝጋው ጌታዬ፣ ጨዋታ ያበላሻል" አለ እንግዳው። "ይልቅ ዘመኑ ሳይገለባበጥ እህሉን ላንሳው። ነገ ረፋድ ከወግዲ ስመለስ መኪናዋን ከደጃፍህ አቆማታለሁ።"

"እህሉ የትም አይሄድ። ዘበኛ ቆሞለታል" አሉ አጎቴ።

እንግዳው ኳሷ ስትወድቅበት ማሽኑን በሁለት እጁ ነቀነቀው። እግሮቹ በሲሚንቶው ላይ ተንቋቁተው ስንዝር ያህል ሄዱ። ከኋላው፣ በግድግዳው ቀለም የተቀባ የሳንቃ በር ጠርዝ ታየ። ከሥሩ ጥቂት የስንዴ ቅንጣቶች ፈሰው ነበር።

አጎቴ ማሽኑን በሆዳቸው ገፍተው መለሱት። በሩን እንዳየሁት ገባቸው። ለእንግዳው፣ "ይቺ ኢንጂነራችን ናት" አሉ፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው። "ታውቃለች እንጂ አትናገርም።"

"እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ጊዜ ከየት ይገኛል?" አለ እንግዳው። "እኔ ቤት ያሉት ሲናገሩ ነው የሚውሉት።"

ሁለቱም ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ከልማድ የተነሳ ነው። ከዚያ ከመስታወቱና ከቁልፎቹ ላይ የእንግዳውን ላብ ጠረግሁ። የአጎቴ እጅ ያረፈበትን ትከሻዬን እዚያው አውልቄ ብጥለው ደስ ባለኝ።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት አጎቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ማሽኑን ልገፋው ሞከርኩ፤ ለእኔ ጉልበት ከባድ ነበር። ያን ጊዜ ያጠራቀምኩት የሻገተ ቅቤ ትዝ አለኝ። ቆርቆሮውን ከጓሮ አመጣሁ። አፍንጫዬን በነጠላዬ አስሬ፣ አራቱንም እግሮች በየተራ በእንጨት ቀና እያደረግሁ፣ ከሥራቸውና ከፊታቸው ያለውን ሲሚንቶ በእጄ ቀባሁ። ከዚያ ጀርባዬን አስደግፌ ገፋሁ። ማሽኑ ያለ ድምፅ ተንሸራቶ ከበሩ ራቀ።

በሩ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ማጠፊያዎቹ ግን በብሎን የተያዙ ነበሩ። ስምንት ናቸው። የፍሊፐሩን በፈታሁበት ካቻቢቴ ፈታኋቸውና እንደ ልማዴ መስታወቱ ላይ በተርታ ደረደርኳቸው። ሳንቃው ሲነሳ ጆንያዎቹ እስከ ጣራው ተደርድረው ታዩኝ።

እጄን አልታጠብኩም። ወጥቼ የአጥሩን በር በሁለት ድንጋይ ወጥሬ ከፈትኩት። ውሃ የምትቀዳልን ሴት ልጇን አቅፋ ተቀምጣ ነበር።

"ጆንያ ያለው ጆንያውን፣ የሌለው ነጠላውን ይዞ ይምጣ" አልኩ።

ድምፄ ከእሷ ያለፈ አልመሰለኝም። "ምን አልሽ?" አለኝ ከመንገዱ ማዶ የተኛ አንድ ሽማግሌ።

ደግሜ፣ በሙሉ ድምፄ ተናገርኩት።