የሐዋ ቀይ ክር

አዴ ጫልቱ መስኮቱ አጠገብ ቆመው ነበር። እኔ ከእሳቸው ኋላ፣ የክር ሣጥኑን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ የቀርከሃውን ግድግዳ ተደግፌያለሁ። ሐዋ ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጋው የአልጋ ልብስ ፊት ለፊት ነበረች። እናቷ ደጅ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር፣ ዕቃ የተጫነች አህያቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ያን ቀን የነበርነው እነዚሁ ነን።

ልጅ እያለሁ አሶሳ ትንሽ መንደር ነበረች። አባቴ ለጸሐፊነት ተመድቦ ነው የመጣነው። አዴ ጫልቱ ከወለጋ የመጡ የሰባኪ ሚስት ነበሩ፤ «አዴ» እኛ «እትዬ» እንደምንለው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሰፈሩ ሴት ልጆች የእጅ ስፌት ያስተምሩ ነበር። ከአሮጌ ደብተር ስድስት ጎን ያለው ወረቀት እንቆርጣለን፤ ከልብስ ሰፊ ቤት የለመንነውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በወረቀቱ ላይ አጥፈን፣ በረዥም በረዥሙ እንወሰውሰዋለን። ከዚያ አንዱን መሐል፣ ስድስቱን ዙሪያ አድርገን ከጠርዝ ጠርዝ በጥቃቅኑ ስንዘመዝማቸው አበባ ይሆናሉ። በመጨረሻ የሁላችን አበቦች ተያይዘው አንድ የአልጋ ልብስ ሲሆኑ ውስወሳው ተፈትቶ ወረቀቱ ይወጣል። ክሩ እንዳይቋጠር በማር ሰም ላይ እንስበው ነበር። ዛሬም ሰም ሲሸተኝ ጣቶቼ ክር ይፈልጋሉ።

አዴ ጫልቱ ስለ ክር ምርጫ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ጥሩ ዝምዘማ አይታይም። ጨርቁ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ ግራጫ ክር ከሁሉም ጋር ይስማማል ይሉ ነበር። የክር ሣጥኑ ጠባቂ ያደረጉት እኔን ነው። ሕጉንም ከእሳቸው ይልቅ እኔ አጠብቀው ነበር።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ አጠገቤ የምትቀመጠው ሐዋ ናት። የበርታ ነጋዴ ልጅ ነበረች፤ አማርኛን የተማረችው ከገበያ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትል ነበር። እጇ ግን ከሁላችንም ይፈጥናል። አንድ ቅዳሜ ቀርከሃ ላይ የተጠቀለለ ደማቅ ቀይ ክር ይዛ መጣች።

«ይሄ ለጥልፍ ነው፤ ለዝምዘማ አይሆንም» አልኳት።

«ለምን?»

«ይታያላ!»

«ይታይ! ክር ሌባ ነው እንዴ የሚደበቅ? አንተ ሣጥንህን ጠብቅ» ብላ ሳቀችብኝ።

መሐሉ ቢጫ የሆነውን አበባዋን በቀዩ ክር ሰፍታ ጨረሰች። አዴ ጫልቱ ይቆጡልኛል ብዬ ብጠብቅ ፈገግ ብለው አለፉ። በዚያው ሳምንት የሐዋ ቤተሰብ ጠቅልለው ወደ ሱዳን ድንበር፣ ወደ ኩርሙክ እንደሚሄዱ ተሰማ። የአልጋ ልብሱ የሁላችንም ስለሆነ ከአዴ ጫልቱ ቤት ይቀራል። ሐዋ አበባዋን ስታስረክበኝ እንዲህ አለችኝ፦ «ስመጣ በቀዩ አውቀዋለሁ። አንተም ስታየው እኔን አስታውስ።»

አበቦቹን እርስ በርስ ለማያያዝ ወደ ቤት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። አክስቴ አየችና «ይሄ ደግሞ የምን ድሪቶ ነው?» ብላ ሳቀች። ድሪቶ ያሰኘው ቀዩ ክር ነው ብዬ ደመደምኩ። ምላጭ አምጥቼ የሐዋን ስፌት አንድ በአንድ ፈታሁት፤ በግራጫም መልሼ ዘመዘምኩት። ለሥራው ማማር ብዬ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ሐዋ ከእኔ የተሻለ ትሰፋ ስለነበር ነው። ከዚያ በፊት እንደዚያ አጥብቄ፣ እንደዚያ አጥርቼ ሰፍቼ አላውቅም።

አሁን አሶሳ የክልል ከተማ ተብላለች። በየመንገዱ አዲስ የመሥሪያ ቤት ሰሌዳ ይሰቀላል፤ ከየወረዳው የሚመጣው ሰው በዝቷል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለወጣት ሴቶች የእጅ ስፌት እንዳሳይ ተጠይቄ እሄዳለሁ። ውስወሳውን፣ ዝምዘማውን፣ በሰም መሳቡን አዴ ጫልቱ እንዳስተማሩኝ አሳያለሁ። ክር መምረጥ ላይ ስንደርስ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ እተወዋለሁ። ባለፈው ከግዘን የመጣች ልጅ ብርቱካናማ አነሣችና «ይሄ ይሆናል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ያንቺ ነው፤ አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት። እንደዚያ ለማለት ይህን ያህል ዓመት ፈጀብኝ።

ሐዋ ልትሄድ በተነሣችበት በዚያ ቀን፣ ከአልጋ ልብሱ ፊት ቆማ አበቦቹን በጣቷ ትቆጥር ጀመር። ከዳር እስከ ዳር ሄደች፤ ተመለሰች።

«የኔ የቱ ነው?»

አዴ ጫልቱ ከመስኮቱ መጥተው ጎንበስ ብለው ፈለጉ፤ ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ሣጥኑን ከፈትኩ። የተቆራረጠው ቀይ ክር ከታች፣ ከግራጫው ድውር ሥር ነበር። ያልጣልኩት ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሐዋ ክሩን አየችው። ክሩን አልነካችም። ቢጫ እምብርት ያለውን አበባዋን ለይታ፣ ጠርዙን ገልበጥ አድርጋ፣ በአውራ ጣቷ ጥፍር ስፌቱን ዳሰሰችው። ሥራዬን እንደዚያ ልብ ብሎ ያየልኝ ሰው አልነበረም።

«ጎበዝ ነህ» አለችኝ። «ምንም አይታይም።»

«ሐዋ! ያላ!» አሉ እናቷ ከደጅ፣ እንሂድ ሲሉ።

ጠርዙን መልሳ በመዳፏ ደልደል አደረገችው፤ ጫማዋንም ከበሩ ሥር አንሥታ ወጣች።