መርፌው፣ ክኒኑና የአባቴ ጆሮ

አባቴ መርሳ ውስጥ ጋራዥ አለው። ሞተር ሲያስቸግረው የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ቫልቭ ነው» ካለ ቫልቭ ነው። ሥራውን የተማርኩት ከእሱ ሥር ሆኜ ነው፤ ጆሮዬ ግን እስካሁን የእሱን ያህል አይሰማም።

ባለፈው ክረምት ትኩሳት ያዘው። ለወባ ታከመ፣ ለታይፎይድ ታከመ፤ ትኩሳቱ እየሄደ እየተመለሰ አከሳው። በመጨረሻ ወልድያ ወሰድኩት። ልቡ በአልትራሳውንድ ታየ፤ ደሙም አዲስ አበባ ተልኮ ተመረመረ። ውጤቱን የነገረችን ወጣት ሐኪም ናት። ባርቶኔላ የሚባል፣ በቅማል ወይም በድመት ቁንጫ የሚተላለፍ ባክቴሪያ ልቡ ላይ ሰፍሯል።

«የልብዎ ቫልቭ ላይ ነው ያለው፣ አባባ» አለችው።

«ቫልቭ? ታዲያ ፈታ አድርገሽ አጽጂዋ!»

ሳቀች። ከዚያ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ አስረዳችን። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው ክኒን የግድ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። አብሮት የሚሰጠው ጄንታማይሲን የሚባል መርፌ ነው። የአባቴ ኩላሊት ደግሞ ደከም ብሏል፤ መርፌው ይብስ ሊጎዳው፣ ጆሮውንም ሊነካው ይችላል። በመርፌው ፋንታ ሪፋምፒሲን የሚባል ሌላ ክኒን አለ፤ እሱም ጉበትን ሊያውክ ስለሚችል በየጊዜው ደም መመርመር ይፈልጋል።

እኛ ዘንድ መርፌ ያልተወጋ ታከመ አይባልም።

«መርፌውን ውጊኝ» አለ አባቴ። «ክኒንማ ስውጥ ከረምኩ፣ ምን አመጣልኝ?»

እኔም በልቤ መርፌውን መርጬ ነበር። በሽታው ከተጠረጠረ ጀምሮ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ለልብ ይበልጥ የተሞከረው እሱ ነው። ጆሮው ቢደነቁርም በሕይወት ይኑርልኝ ብዬ ነበር።

«ጆሮ ስትዪ» አለ አባቴ ቆይቶ፣ «ጭራሽ መደንቆር ነው?»

«መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው። ከጠፋ ደግሞ አይመለስም።»

ወደ እኔ ዞረ። «የቫልቭ ድምፅ ቀጭን ነው» አለኝ።

ክኒኖቹ ያድኑት እንደሆነ ጠየቅኳት። «ለእሳቸው ኩላሊት የሚሻለው ይሄ ነው» አለች። «እርግጠኛ ነኝ ግን አልልህም።»

አባቴ እጁን ዘረጋ። «ክኒኑን አምጪው።»

ሽንቱ እንደ ብርቱካን ጭማቂ ሲሆን ደነገጠ፤ የሪፋምፒሲን ጠባይ ነው ብዬ አረጋጋሁት። እናቴ ሆዱን እንዳያቃጥለው ክኒኑን በወተት ልትሰጠው ትነሣለች፤ ወተት ዶክሲሳይክሊንን ያዳክማል እያልኩ ውሃ አቀርብለታለሁ። ጉበቱን ለማስመርመር ወልድያ በተመላለስን ቁጥር፣ ውጤቱ እስኪወጣ ከላቦራቶሪው በር አልርቅም። ትኩሳቱ ቀስ እያለ ለቀቀው።

ክኒኑን ጨርሶ ወልድያ ስንመለስ ሐኪሟ ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

«ምን ይላል?» አላት። «እስቲ እኔም ልስማው።»

ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ ሰጠችው። አባቴ ጆሮው ላይ ሰክቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ትንሽ ያፈሳል» አለ። «ግን ይሠራል።»

ሐኪሟ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።