ለወለተ ኪዳን የተጻፉ

የብርጓል ወደ አዳራሹ የገባችው ሂዊ ጎትታት ነው። ሂዊ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ከጎኗ ሽንኩርት ትሸጣለች። የብርጓል የምትሸጠው ብቅልና ጌሾ ነው።

«ይምጡ እንጂ እማማ፣ የአገርዎ ሰው አይደሉ?»

የአገሯ ሰውማ ናቸው። ጦር የመሩት፣ ኋላም ሚኒስትር የሆኑት ጄኔራል መሳፍንት እንደሷው የሮብ ገበያ መንደር ልጅ ናቸው። ከሞቱ በኋላ ጽፈው ያልላኳቸው ደብዳቤዎች ከሣጥናቸው ተገኝተው ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይታያሉ፤ ነገ ከዚህ አዳራሽ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ።

«ሁሉም የተጻፉት ወለተ ኪዳን ለምትባል ሴት ነው» አለ አስጎብኚው ጌቱ። «ማንነቷ አልታወቀም። መነኩሲት ናት የሚሉ አሉ።»

«ጄኔራልና መነኩሲት ምን አገናኛቸው?» አለ አንድ ጎረምሳ።

«ንስሐ ነዋ!» አለ ሌላው። ሰው ሳቀ።

የብርጓል አልሳቀችም። ወለተ ኪዳን የክርስትና ስሟ ነው። ከካህን በቀር በዚህ ስም የሚጠራት የለም፤ ሌሎች የሚያውቁትም ሁሉ አፈር ገብተዋል። መሳፍንት በወጣትነታቸው ጊዜ የኪዳነ ምሕረት ዲያቆን ነበር። ለውትድርና ሊሄድ ሲል «በጸሎት እንዳስብሽ የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ» አላት። ነገረችው፤ የእሱንም ያዘች። ከዚያ ወዲያ ዝናው እንጂ ቃሉ አልመጣም። ረስቶኛል ብላ አገባች። ልጅ ሳትወልድ ባሏን ቀበረች።

ከመስተዋቱ ሥር የተዘረጋው አንድ ገጽ ብቻ ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በተማረችው ንባብ ፊደል በፊደል ተከተለችው።

«ወለተ ኪዳን፣ ዛሬ ሹመት ሰጡኝ። ሲያጨበጭቡልኝ የማስበው የቤታችሁን አጥር ነበር። ያሰጣሽውን ነጠላ ንፋስ አልወሰደውም፤ የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ለዚያ ነጠላ እናቷ በአለንጋ ገርፋታለች።

«ሌባ!» አለች ጮክ ብላ።

ሂዊ ደንግጣ ቦርሳዋን ዳሰሰች። «የታለ እማማ?»

ሌሎቹ ገጾች ታጥፈው ተደራርበዋል። ምን ይሉ ይሆን? እኔ ነኝ ብትል ጌቱ አንድ በአንድ ያነብላት ነበር። ወደ እሱ አንድ ሁለት እርምጃ እንደሄደች፣ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ የተቀመጡ ጥቁር የለበሱ ወይዘሮ እጇን ያዟት። የጄኔራሉ ባለቤት ናቸው።

«እናቴ፣ በዚህ አገር ወለተ ኪዳን የምትባል መነኩሲት ያውቃሉ? ያልጠየቅኩት ገዳም የለም።»

እጃቸው ቀዝቃዛ ነው። አጠገባቸው ማንም አልነበረም።

«አላውቅም» አለች የብርጓል። «ዓርፈው ይሆናል።»

«ይሆናል» አሉ ወይዘሮዋ። እጇን ግን ቶሎ አልለቀቁትም።

በማግስቱ ደብዳቤዎቹን የጫነው መኪና በገበያው ዳር ሲያልፍ የብርጓል ብቅል ትሰፍር ነበር። ቀና ብላ አላየችውም። ገበያው ሲበተን ቤተ ክርስቲያን ሄደችና አዲሱን የነፍስ አባቷን ቄስ ፍቅረ ሥላሴን አገኘች።

«አባ፣ የሙታንን ስም ሲያነሱ ወልደ ሩፋኤልን ይጨምሩልኝ።»

የመሳፍንት የክርስትና ስም ነው። አዳራሹ ውስጥ የትም አልተጻፈም።

«ባልዎ ናቸው?»

«አይደለም።»

«ወንድም?»

የብርጓል ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገች።

«ነጠላዬን ይዞብኝ የሄደ ሰው ነው» አለች።