ስምንተኛው ፖስታ

ለምርጫ ኮሚቴው የመረጡኝ ዝምተኛ ናት ብለው ነው። ዝም የምለው ስለሚደክመኝ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። አሜሪካ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ባለ አንድ ነርሲንግ ሆም አሥራ አንድ ዓመት አረጋውያን ሳነሣና ሳስተኛ ኖሬአለሁ፤ ለወሬ የሚተርፍ ጉልበት ከየት ይመጣል?

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር። አንዱ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት የቀሩት የጥገና ሠራተኛ ነው፣ ቀልድ የሚወድ ፈረንጅ። አንዷ ከሌላ ሺፍት የመጣች ሶማሌ፣ ሕግ ላይ ቀልድ የማታውቅ። ሦስተኛዋ እኔ። ሥራችን የዩኒየናችንን፣ የሠራተኛ ማኅበራችንን ማለቴ ነው፣ ዋና ተወካይ ለመምረጥ የተሰጠውን ድምፅ መቀበልና መቁጠር ነበር። የሚወዳደሩትም ሁለት ናቸው። አንደኛው ዘጠኝ ዓመት ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰውዬ ሲሆን፣ ሌላዋ ብሩክሊን ሴንተር የምትኖር ያገራችን ልጅ፣ የወጥ ቤት ሠራተኛ ናት። እሷ የተነሣችው ቅዳሜና እሑድን ሁላችንም በተራ እንድንሠራ፣ አዲስ በገባው ላይ ብቻ እንዳይጫን ብላ ነው። እኔም የመረጥኳት እሷን ነው፤ አሁን መደበቁ ምን ይሠራል።

ድምፅ የሚሰጠው በፖስታ ነው። ወረቀቱ በየቤቱ ይላካል፤ ምልክት ተደርጎበት፣ ታሽጎ፣ የፖስታው ጀርባ ላይ በፊርማ ሳይን ይደረግና ባለቤቱ ራሱ ይልከዋል። ለማንም አይሰጥም ይላል፣ ታች ላይ፣ በደቃቅ እንግሊዝኛ። ያንን ማስታወቂያ ምሳ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ራሴ ነኝ።

የእኛ ሰው ግን ደብዳቤ በሰው እጅ ሲልክ የኖረ ነው። በዚያ ላይ የዚያን ሰሞን የአፓርትመንቶቹ የፖስታ ሣጥን እየተሰበረ ሰው ሁሉ ፈርቷል። ላውንደሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ፤ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው። ፖስታ ቤት እንደሚሄዱ ሲሰማ ይሄም ያችም ፖስታውን እየያዘ መጣ፤ እሳቸውም በላስቲክ ከረጢት ሰበሰቡ። እኔን ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ ደብል፣ ሁለት ፈረቃ አከታትዬ፣ ሠርቼ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ፖስታዬ ከቦርሳዬ ብቅ ብሎ አዩና እጃቸውን ዘረጉ። እጁን ለዘረጋ ሽማግሌ “ለሰው አይሰጥም” ማለት “አላምንዎትም” ማለት ነው። ሰጠኋቸው።

ለካስ ከረጢቱን ፖስታ ቤት በር ላይ ባለው ሣጥን ሲያራግፉ የነባሩ ተወካይ ወዳጅ መኪናው ውስጥ ሆኖ ያያቸው ነበር። ወዲያው ክስ አቀረበ፦ አንድ ሰው የብዙ ሰው ድምፅ ይዞ ዞሯል፣ ስለዚህ አይቆጠርም። የቆጠራው ዕለት ጠዋት ስኔሊንግ አቨኒው አጠገብ ባለው የዩኒየኑ ቢሮ ጋሼ ተጠርተው ቀረቡ። አስተርጓሚያቸው እኔ ሆንኩ፤ ሌላ ማን አለ? የማንን የማንን ፖስታ እንደያዙ ተጠየቁ። አልደበቁም፣ ስም በስም ጠሩ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝና “በቃ፣ እነዚህ ናቸው” አሉ።

እኔም “ሰባት ናቸው” ብዬ ተረጎምኩ።

ሰባቱ ፖስታዎች ሳይከፈቱ ለብቻ ተቀመጡ። የቀሩት ተከፍተው ወረቀቱ ተደባለቀና ተቆጠረ። ነባሩ ተወካይ በአምስት ድምፅ መራ። እንግዲህ የምርጫው ዕጣ እነዚያ ሰባቱ ላይ ወደቀ።

የጥገናው ሰውዬ ይከፈቱ አለ። ባለቤቶቹ አሽገው ሳይን አድርገዋል፣ ሌላ ምን ይፈለጋል ባይ ነው። ሶማሌዋ አይከፈቱም አለች። ዛሬ ለደግ ሽማግሌ ብለን ብንፈቅድ፣ ነገ አለቃ የላከው ሰው ከረጢት ይዞ በየክፍሉ ይዞራል አለች። እውነቷን ነበር፣ ያናደደኝም እሱ ነው። ቀሪዋ እኔ ነኝ። ሦስት ቃል፣ “ይከፈቱ ባይ ነኝ” ብል ነገሩ ያልቃል።

ድምፄን ከመስጠቴ በፊት የዩኒየኑ ሎየር፣ ጠበቃው፣ ለሦስታችንም አንድ አንድ ወረቀት አደለን። በዚህ ክርክር ውስጥ የራሴ የሆነ ነገር የለኝም የሚል ነው። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ሳላነብ ሳይን ያደረግሁት ወረቀት በኪሎ ቢመዘን ይሻላል። ያንን ግን፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አነበብኩት። ጋሼ በሩ አጠገብ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አፈርኩ። ሕጉን በመጣሴ ብቻ አይደለም፤ ቃላቸው ታምኖ የሚከበርላቸውን ሰው አስዋሽቼ፣ ውሸቱንም በገዛ አፌ መተርጎሜ ነው ያሳፈረኝ።

“ስምንት ነበሩ፤ ስምንተኛው የእኔ ነው” አልኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኛው ግማሽ ቀንም አልፈጀም። ሎየሩ ወዲያው ከኮሚቴው አስወጣኝ። የቀሩት ሁለቱ አንድ ለአንድ ሆኑ። ደንቡ ደግሞ አብላጫ ካልተገኘ ክስ የቀረበበት ፖስታ አይከፈትም ይላል። የእኔስ? ብዬ ጠየቅሁ። ያንቺ ከፖስታው ወጥቶ ከሌላው ጋር ስለተደባለቀ ለይቶ ማውጣት አይቻልም አለኝ። ሰባቱ እንደታሸጉ ቀሩ፣ ሰውዬውም ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ሌላ ሦስት ዓመት ጨመረ። ያቺ የወጥ ቤት ልጅ ስታገኘኝ እንደ ወትሮው ሰላም አለችኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼን ወደ ቤታቸው ድራይቭ አድርጌ ወሰድኳቸው። ዩኒቨርሲቲ አቨኒውን ስንጨርስ ኮፍያቸውን አወለቁ።

“ጓለይ” አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። “በዚህ ዕድሜዬ አንድ ቀን፣ ላንቺ ብዬ ዋሸሁ። እሱንም አባከንሽብኝ።”

ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው። እግዜር ይቅር ይበልሽ ብለው ወረዱ።

ሰኞ ዕለት ሥራ እንደገቡ፣ የላውንደሪውን ጋሪ ሳይነኩ፣ ከፎቅ ፎቅ ዞሩ። ሰባቱንም አንድ በአንድ እያገኙ “አደራችሁን አላደረስኩም” እያሉ ይቅርታ ጠየቁ። አንዷ እንደውም አልቅሳ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ነበር አሉ። እኔም አልጋ እያነጠፍኩ በር በሩን ሳይ ዋልኩ።

እኔ ጋ አልመጡም። የእኔ ደርሷላ።